ከጠረጴዛው ስር ያለው

እትዬ ጨምሪበት በሠርጋቸው ዕለት ሙሽራውን ከላይ እስከ ታች ካዩት በኋላ «ሚዜውንም ጨምሩበት» ብለዋል እየተባለ ይወራል። ዓይን ያወጣ ውሸት ነው። እዚያው ድንኳን ውስጥ የነበረችው አክስቴ ምላ ተገዝታ እንደነገረችኝ የጠየቁት ሚዜውን አይደለም፤ የሚዜውን ጫማ ነው። ያውም ለራሳቸው ሳይሆን ለወንድማቸው። ሰው ስም ሲያጠፋ ትንሽ እንኳ አይጠነቀቅም!

ባዛር ላይ ቆሞ የሸጠ ሁሉ እኚህን ክብርት እመቤት ያውቃቸዋል። እሳቸውን ባያውቅ ብጤያቸውን ያውቃል። አንድ ጥንድ ካልሲ ገዝተው፣ ሦስተኛ እግር ያላቸው ይመስል፣ አንድ ፍሬ ያስመርቃሉ። ሽቶ ሻጩ ጋ «እስቲ ልሞክረው» ብለው ገብተው አንገታቸውን፣ ሻርፓቸውን፣ የቦርሳቸውን ውስጥ ሳይቀር አስረጭተው ይወጣሉ። ምንጣፍ ሻጩ ከሩቅ ሲያያቸው ዕቃው ላይ ጋደም ብሎ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል። አንድ ቀን ቀሰቀሱትና «ተነሳማ፣ የተኛህበትን ልየው» አሉት።

ዘንድሮ እኔና እህቴ አንድ ድንኳን ያዝን። እህቴ የሸክላ ኩባያና ማሰሮ ትሠራለች፤ እኔ አወራለሁ። በዚህ ባዛር ካልተሸጠላት ምድጃዋን አፍርሳ የባሏ ወንድም ሱቅ ሚስማር ልትመዝን ቆርጣለች። የመዝጊያው ቀን ረፋድ ላይ ጠረጴዛችን እንደመጣንበት ቀን ሞልቶ ነበር። ሰዉ ያነሳል፣ በጣቱ ኳ ኳ ያደርጋል፣ መልሶ ያስቀምጣል። እሳት ያጣመማቸውንማ እህቴ አፍራባቸው ከጠረጴዛው ስር በጨርቅ ሸፍናቸዋለች።

እትዬ ጨምሪበት መጡ። ዋጋ ሲነገራቸው ልባቸውን ያዙ፤ ሲቀነስላቸው ለቀቁት። አንድ ኩባያ ገዙና፣

«በይ ጨምሪበት እንጂ!» አሉ።

«እትዬ፣ ምርቃቱ እኮ ዋጋው ውስጥ ነው» አልኳቸው።

«አንተን ማን ጠየቀህ? ምላሳም!»

ወዲያው ጎንበስ አሉ። የእሳቸው እምነት አንድ ነው፤ ሻጭ ጥሩውን የሚደብቀው ጠረጴዛ ስር ነው። ጨርቁን ገለጡት። እህቴ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች።

«እሱን ይተዉት እትዬ፣ እሱ አይሸጥም» አለች በለሆሳስ።

«አይሸጥም?» ድምፃቸው እስከ መግቢያው በር ተሰማ። «ጉድ እኮ ነው! ጥሩ ጥሩውን ለዘመድ ደብቀው፣ ለእኛ ይሄን ቀጥ ቀጥ ያለውን!»

ወገቡ የዞረ ማሰሮ አቅፈው እብስ አሉ። ከዚያማ ምኑ ይወራል! ስግብግብ ሁሉ ከየድንኳኑ ተግተልትሎ መጣ። «ለእኔም ከተደበቀው!» «ኧረ እኔ ቀድሜያለሁ፣ በጣም የተጣመመውን!» እኔም አላረፍኩም፤ «የስሩ አይሸጥም፤ ከላይ ለገዛ ግን ይመረቃል» አልኩ። አንዱ ሰውዬ አንድ እቅፍ ኩባያ ገዝቶ አፉ የተንጋደደ ማሰሮ ሲመረቅለት፣ ወደ ሚስቱ ዞር ብሎ «በላኋቸው» አላት።

ከሰዓት በኋላ ጠረጴዛው ባዶ ቀረ። እህቴ የሚስማሩን ነገር ትታ ጭቃ ከየት እንደምታስመጣ ታወራ ጀመር። እትዬ ጨምሪበት ማሰሯቸውን እንደ ሕፃን ታቅፈው ተመለሱ። እኔን ደግሞ አንድ ነገር ይከነክነኝ ነበር።

«እትዬ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። ጠማማ መሆኑ አልታየዎትም?»

«ታውሬያለሁ እንዴ? ቀጥ ያለውማ በየቤቱ ሞልቷል። ይሄኛው እኮ ዞር ብሎ ሰው የሚጠራ ነው የሚመስለው።»

እህቴ ቀና ብላ አየቻቸው፤ ሥራዋን እንዲህ አድርጎ ያየላት ሰው ኖሮ አያውቅም። እኔም፣ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ፣ በሚቀጥለው ባዛር ባይመጡ ቅር እንደሚለኝ ያኔ ገባኝ።

እሳቸው ግን ዓይናቸው ሌላ ቦታ ነበር። የባዶውን ጠረጴዛ እግር ያዝ አድርገው ነቅነቅ ነቅነቅ አደረጉትና፣

«ይሄ እንግዲህ ሥራውን ጨርሷል፣ አይደል?» አሉ።