ነፃ ስልክ በኮኪት

ሰው ነፃ ነገር ሲያገኝ የማያስፈልገው ነገር የለም። ገዝቶ የማይውጠውን ክኒን በነፃ ሲሰጡት በሽታውን ፈልጎ ያመጣል። ስልክም እንደዚሁ ነው። ካርድ በሚበላ ስልክ «ደረስሁ» ብሎ የሚዘጋው ሰው፣ ነፃ መሆኑን ካወቀ መንገድ ላይ ያያትን ዝንጀሮ ሳይቀር ይተርክላችኋል። ከየት አመጣኸው ብትሉኝ ጆሮዬ ምስክር ነው።

እኔ ኮኪት ውስጥ የትራክተር መለዋወጫ የምሸጥ፣ የተበላሸውንም እርሻው ድረስ ሄጄ የምጠግን ሰው ነኝ። በእኛ ቆላ በጥቅምት ተረጋግቶ የሚቀመጥ ፍጡር አይገኝም። ሰሊጥ ደርሶ ካላጨዱት ራሱን ከፍቶ መሬት ላይ ይፈሳል። ስለዚህ ባለ እርሻው ይሮጣል፣ ሠራተኛው ይሮጣል፣ ውሃና ቀለብ የሚያመላልሰው ትራክተር ይሮጣል፤ እሱ ሲቆም ደግሞ እኔ እሮጣለሁ። ዐምና ታዲያ በቋራ በኩል አንድ ሹፌር ትራክተሩ ቆመበት። ስልኩ ውስጥ ሒሳብ ስላልነበረው ግማሽ ቀን በእግሩ ተጉዞ መጣልኝ። መሣሪያዬን ጭኜ ስደርስ ሌላ መካኒክ በዚያ ሲያልፍ ጠግኖት ሄዷል። ወደ ነፃ ስልክ የመራኝ የዚያን ቀን ንዴት ነው።

ጎንደር ወጥቼ ቴሌ ቢሮ ጠየቅሁ። ያስተናገደኝ ወጣት በትሕትና አስረዳኝ፦ ደንበኛ ሲደውል ከእሱ ምንም አይቆረጥም፣ ከፋዩ እኔ ነኝ፤ በምትኩ ደንበኛዬ ይበዛል፣ ስሜም ይገናል። ስም ይገናል ሲሉት የማይፈርም ማን አለ? ንግድ ፈቃዴን አስገብቼ ቁጥር ምረጥ ስባል ግን በቃል የሚያዙት ሁሉ ቀድመው ተወስደዋል። ለእኔ የተረፈኝ አኃዞቹ እርስ በርስ የተኳረፉ የሚመስሉበት ቁጥር ነው። እንኳን ደንበኛዬ እኔም በቃሌ አልያዝሁት። ግድ የለም ብዬ ለእሱ ብቻ አንድ ስልክ ገዛሁና ቁጥሩን በሱቄ በር፣ በየእርሻው የውሃ በርሜልና በየተሳቢው ጎን በቀይ ቀለም አስጻፍሁት። ከሥሩም «ይደውሉ፣ ነፃ ነው!» አስባልሁበት።

ባለቤቴ ዘነቡ አየችውና «ለምን ጉዳይ እንደሚደወል አልጻፍህም እኮ» አለችኝ። መካኒክ ያስጻፈው ስልክ ለምን ይደወላል? ለሠርግ? ብዬ ናቅኋት።

ስልኩ ጮኸ። የመጀመሪያው ደዋይ፣ እውነት ነፃ ነው ወይ ሲል ጠየቀኝ። እውነት ነው አልሁት። «በል እንግዲያው ደኅና ዋል» ብሎ ዘጋ። ሁለተኛው የመጀመሪያው የነገረውን ሊያጣራ ነበር። ከዚያማ ለአጨዳ ከደጋ የወረደው ሠራተኛ ሁሉ ሰማ። አንዱ የሰሊጥ ዋጋ ስንት ገባ ይላል፤ ሌላው ገለጉ ዘንቦ እንደሆነ ይጠይቃል። መተማ ዮሐንስ ሻይ የምትሸጥ አንዲት ሴት፣ ባሏ የትኛው እርሻ እንደገባ አፈላልጌ «ልጅህ ጥርስ አበቀለች» እንድልላት በማርያም ለመነችኝ። አፈላልጌ ነገርሁላት። ሰውየው በስልኩ ውስጥ አለቀሰብኝ። በነጋታው መልስ ይዤላት እንድሄድ ፈለገ።

እጄ ላይ ቅባት፣ ጆሮዬ ላይ ስልክ ሆነ። አንዲት ቡሎን ሳላጠብቅ ሦስቴ እነሣለሁ፤ ምሳዬ ጠረጴዛው ላይ ይደርቃል። ሳይጮህም የጮኸ እየመሰለኝ ኪሴን እዳብሳለሁ። ዘነቡ «አሁን አንተ የምትጠግነው ትራክተር ነው ወይስ ትዳር?» አለችኝ። ደንበኛ ይበዛል የተባለውማ ላም አለኝ በሰማይ ሆኖ ቀረ። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚያ ስልክ ስለ ትራክተር የደወለ አንድ ሰው እንኳ አልነበረም።

በመጨረሻ ጨከንሁ። አንሥቼ «ትራክተር ነው?» እላለሁ፤ አይደለም ካለኝ ጆሮው ላይ እዘጋለሁ። ይህም ወሬ በየእርሻው ደረሰ። ሰኞ ጎንደር ሄጄ መስመሩን ላዘጋው ቆረጥሁ።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ ጮኸ።

«ትራክተር ነው?» አልሁ።

«አዎ ጋሼ፣ ትራክተር ነው! ቆሞብናል፣ ቶሎ ይድረሱልን!» አለኝ አንድ የወሎ ሰው ድምፅ።

ደስታዬን አትጠይቁኝ። «ምን ዓይነት ትራክተር ነው?»

«ቀይ ነው» አለ።

«ብልሽቱ ምኑ ላይ ነው?»

«እግሩ ላይ።»

«ትራክተር እግር አለው እንዴ? ጎማው ማለትህ ነው?»

«ጋሼ በአላህ፣ እንዳይዘጉብኝ! ጓደኛዬን እባብ ነድፎት ነው።»

ሰይድ ይባላል። የተነደፈው አዱኛ የሚባል የጎጃም ሰው ነው፤ ጎን ለጎን ሲያጭዱ ነው የተዋወቁት። የእርሻው መኪና ቀለብ ሊያመጣ ሄዷል። የአንዳቸውም ስልክ ሒሳብ የለውም። የሰይድ ዓይን ቁጥሬ በተጻፈበት የውሃ በርሜል ላይ አረፈ፤ «ትራክተር ካላሉት ይዘጋል» ሲባልም ሰምቷል። ሰው እየሞተበት ያለውን ሰው ትራክተር ያስባልሁት እኔ ነኝ። ያኔ የተሰማኝን ኀፍረት ለመቀለጃ አልሰጠውም።

ፒካፔን አስነሥቼ በረርሁ። ስደርስ የአዱኛ እግር አብጦ ቅል አክሏል፤ ዙሪያውን የቆሙት ገሚሱ በምላጭ እንብጣው፣ ገሚሱ እንሰረው ይላሉ። ሰይድ ማንንም አላስነካም ብሎ ጭንቅላቱን ታቅፎ ተቀምጧል። ጭነነው ወደ መተማ ስንከንፍ አዱኛ፣ «ወንድሜ፣ እናቴ ሰሊጥ ምን እንደሚመስል እንኳ አታውቅም፤ በእሱ ሞተ ሲሏት ምን ትላለች?» ይለኛል። እኔም ነዳጁን ረገጥሁት።

በዚህ መሐል ያ ስልክ አያርፍም! ሰይድ አንሥቶ «ዝጋ፣ በእባብ የተነደፈ ሰው ይዘን ወደ ሆስፒታል እየመጣን ነው!» ብሎ ጮኸ። ደዋዩ ሥራ ፈትቶ ሆስፒታሉ አጠገብ የቆመ የባጃጅ ሹፌር ኖሯል። ዝም ብሎ አልዘጋም፤ ሮጦ ገብቶ ነገራቸው። ስንደርስ ነርሷ ቃሬዛውን ይዛ በር ላይ ቆማለች። ሐኪሙም ጥቂት ብትዘገዩ ኖሮ አለና የቀረውን ዋጠው።

አዱኛ ዳነ። በስድስተኛው ቀን እያነከሰ ወጣ። ሰይድ ስድስቱንም ቀን አጨዳውን ትቶ አጠገቡ ነበር። ሰኞ ጎንደር መሄዴም ቀረ። እንዴት ብዬ ልዝጋው?

በሳምንቱ በራሴ ስልክ ተደወለልኝ። ጋሽ መልኬ ናቸው፤ ሰፊ እርሻ ያላቸው፣ ሱቄን አንድ ቀን ረግጠው የማያውቁ ሽማግሌ።

«ልጄ፣ ትራክተሮቼን ከዛሬ ጀምሮ አንተ ያዝልኝ» አሉኝ። «ለማያውቀው ሰው እግር እንዲህ የሮጠ፣ ለእኔ ጎማ አይተኛም ብዬ ነው።»

ልቤ ዘለለ። የጎንደሩ ወጣት ያለው ደርሶ አይደል? እንደ ትልቅ ነጋዴም ጉሮሮዬን ጠረግሁና፣ ከአሁን በኋላ ካርድዎን አያባክኑ፣ ለእርስዎ ለደንበኛዬ ብዬ ያስገባሁት ነፃ መስመር አለ ብዬ ጥቅሙን እዘረዝርላቸው ጀመር።

«እሱንማ ከጠዋት ጀምሬ ስሞክር ተይዟል ይለኛል» አሉኝ። «ቢቸግረኝ ካርድ ገዝቼ ደወልሁልህ።»