ቆይ፣ አትዋጠው!

ሰው በሰላም እንዳይጠጣ የተመደበ አንድ ሰው በየሰፈሩ አይጠፋም። ማን እንደመደበው አይታወቅም፤ ግን ከሥራው ቀርቶ አያውቅም። አንተ ሲደክምህ ውለህ፣ ብርጭቆህን አንስተህ፣ የመጀመሪያዋን ጉንጭ ላውርድ ስትል እጁን ያነሳና «ቆይ፣ አትዋጠው! ምን ምን ይላል?» ይልሃል። መልስ እስክትሰጥ ድረስ ጉሮሮህ እንደተዘጋ ይቆያል።

ቧንቧ ሠራተኛው ይህ ሰው የሩቅ ጎረቤት ቢሆንለት ምንኛ በታደለ ነበር! አልታደለም፤ የሚስቱ ታላቅ ወንድም ናቸው። ሙያቸው ፀጉር ማስተካከል ነው፤ ከሱቃቸው ጀርባ ባለችው ጠባብ ክፍል ግን ቢራ ይጠምቃሉ። ሚስቱ «ወንድም ጋሼ» ትላቸዋለች፣ እሱ «ጋሼ» ይላቸዋል፣ ጀርባቸውን ሲያዞሩ ደግሞ የቅዳሜ ጓደኞቻቸው በሙሉ «ክቡር ቀማሽ» ይሏቸዋል።

ክቡርነታቸው ቦታና ጊዜ አይመርጡም። ግማሽ ፊቱ አረፋ የሆነ ደንበኛ አስቀምጠው ወደ ጓዳ ይገቡና ብርጭቆ ይዘው ይወጣሉ። «እስቲ ይህቺን። ቆይ፣ አትዋጣት! ምን ምን ትላለች?» ምላጩ ጉሮሮው ሥር ነው፤ ምስኪኑ ሰውዬ ምን ይበል? «ጥሩ ናት» ይላል። «ጥሩነት ጣዕም አይደለም!» ይሉና አንገቱን ወደ ኋላ ቀና ያደርጉታል። የእህታቸው ሠርግ ዕለት ሙሽራውን፣ ማለትም ይህንኑ ቧንቧ ሠራተኛ፣ ብርጭቆው ከንፈሩ ላይ እያለ አስቁመውታል። እህታቸው ስታስል የሳል ሽሮፕዋን ቀምሰው «ከኋላው እንጆሪ አለበት፣ ግን ደካማ ነው» ብለዋል። እሷ ትንፋሽ አጥሯት ነበር።

ቧንቧ ሠራተኛው ለዚህ ሁሉ ዓመት ያለው መልስ አንድ ነው፤ «ቢራ ቢራ ይላል።»

«አንተ ሰው፣ ምላስ የተሰጠህ ለወሬ ብቻ ነው?» ይሉታል።

ቅዳሜ ከሰዓት የፀጉር ቤቱ መጋረጃ ይወርድና አራት ሰዎች ይሰበሰባሉ፤ ክቡርነታቸው፣ ቧንቧ ሠራተኛው፣ የጥርስ ሐኪሟና ጡረታ የወጣው የአውቶቡስ ሹፌር። እያንዳንዱ ቤቱ የጠመቀውን ወይም ሰሞኑን የወደደውን ይዞ ይመጣል። ሹፌሩ ዝንጅብል ያበዛል፤ ሐኪሟ ከፖም የምታወጣው መጠጥ ጥርስ እንደሚጎዳ እየተናገረች ትቀዳለች። ሕጉ አንድ ነው፤ ክቡር ቀማሽ ሳይቀምሱ ማንም አይቀምስም።

በዚህ ሰሞን ቧንቧ ሠራተኛው በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሱን ቢራ ጠመቀ። ለማንም አልተናገረም እንጂ አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚፈልገው፤ ጋሼ አንድ ቀን፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ «ጎበዝ» ቢሉት። ብቅሉን ራሱ ፈጨ፣ እርሾውን እንደ ሕፃን ጠበቀ። ሊያሽግ ሲል ግን ጠርሙስ አነሰውና ከዕቃ ማጠቢያው ሥር አንድ ቡናማ ጠርሙስ አገኘ፤ ለቅለቅ አድርጎ ሞላው። ሚስቱ የአበባዎቿን ተባይ የምታባርርበትን የነጭ ሽንኩርት ውሃ እዚያ ውስጥ ታስቀምጥ እንደነበር ማን ነግሮት! ቅዳሜ ሲደርስ ካሉት ጠርሙሶች ሁሉ ያነሳው ያንኑ ሆነ፤ ዕድሉ ነው።

ክቡርነታቸው ቀዱ፤ ወደ ብርሃኑ ከፍ አደረጉ፤ አሸተቱ፤ ጎነጩ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ማር ማር ይላል» አሉ። «የብርቱካን ልጣጭም አለው። አማቼ፣ ጎበዝ!»

ቧንቧ ሠራተኛው ልቡ ልትወጣ ደረሰች። ብርጭቆውን አንስቶ አፉ ጋ ሲያደርሰው ግን ሽታው አፍንጫውን ያዘው። ነጭ ሽንኩርት! ለዚያውም ከነልጣጩ። ጋሼን አያቸው፤ ፈገግ ብለው ሁለተኛ ጉንጭ እየወሰዱ ነው። የሳል ሽሮፕ ውስጥ እንጆሪ ያገኘ አፍንጫ ይሄን ሳተው? ያኔ ገባው፤ ያ አፍንጫ ሥራ አቁሟል።

ሐኪሟ «እስቲ ለእኔም» ብላ እጇን ዘረጋች። ለዓመታት ሲያላግጡበት የኖሩትን ሰውዬ በአንድ ብርጭቆ ማዋረድ ይችል ነበር። እሱ ግን ጠርሙሱን ነጠቃት።

«የመጀመሪያዬ ነው፤ ለማንም አላካፍልም!» አለና ቆሞ ግጥም አድርጎ ጨረሰው። የጋሼንም ብርጭቆ ጨመረበት።

«ምን ዓይነት ስስታም ነው በሉ!» አለ ሹፌሩ። ወንበሩንም ከእሱ ትንሽ ራቅ አደረገ።

ቤቱ ሲገባ ሚስቱ «ምን በልተህ ነው? ወዲያ በል!» አለችው። የሆነውን ሲነግራት ሳቋ መጣ፤ ከዚያ ቀስ ብላ ተቀመጠች።

«ወንድም ጋሼ ያ ከባድ ጉንፋን ከያዘው ወዲህ ወጤ ጨው አነሰው ብሎኝ አያውቅም» አለች። «ዝም ብሎ ያመሰግነኛል። ሲያመሰግነኝ መጠርጠር ነበረብኝ።»

በማግስቱ ወደ ፀጉር ቤቱ ሲሄድ ክቡርነታቸውን ጓዳውን ሲያጸዱ አገኛቸው። ትልቁ መጥመቂያ ድስት ታጥቦ ተደፍቷል።

«ድስቱን ውሰደው» አሉት ቀና ሳይሉ። «ያንተ ቢራ ይሻላል።»

«ጋሼ፣ የትናንቱ እኮ ነጭ ሽንኩርት ነበረበት።»

ቀና አሉ። ከዚያ «እኔ ማር አልኩ?» አሉ።

«ማርና የብርቱካን ልጣጭ።»

ሳቁ። እስኪያነቡ ሳቁ፤ ሳቁ ሲያልቅም እንባው አልቆመም። «ይመለሳል ወይስ አይመለስም ብዬ ሐኪም ብጠይቅ፣ አይታወቅም አለኝ። ቢራውም ውሃውም አንድ ሆኖብኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?»

«ብነግራችሁ ቅዳሜ ምን ልሠራ እመጣለሁ? ፀጉራችሁን ልቆርጥ?»

ቧንቧ ሠራተኛው ይህ ሰው ዝም ያለበትን ቅዳሜ ሊያስበው ሞከረ፤ አልቻለም። ከመደርደሪያው ጋሼ በመጨረሻ የጠመቁትን ቢራ አወረደና ለሁለቱም ቀዳ። ጎነጨ፤ ሊውጥ ሲል ራሱ ቆመ። ክቡርነታቸው ልማድ ሆኖባቸው ጠጋ አሉ።

«ምን ምን ይላል?»

«ቢራ...» አለና ተወው። ዓይኑን ጨፈነ። «ዝናብ የመታው ካርቶን ይላል።»

«አየር ገብቶበታል ማለት ነው! ሳሽግ ነው ጥፋቱ... ከእንግዲህ ስናሽግ እንጠነቀቃለን። ሌላስ?»

«የዳቦ ቅርፊት፤ ጠቆር ያለው።»

«እሱ ብቅሉ ነው። ሌላስ?»

«እንደ ሎሚ ፍሬ መረር ይልና፣ በምላሴ ጎን በኩል፣ እዚህ ጋ፣ ይጠፋል።»

ክቡርነታቸው አፋቸውን ከፍተው አዩት። ይህን ሁሉ ዓመት የት ደብቆት ነበር? ጎንበስ ብለው የተደፋውን ድስት አቀኑና እንደ ዘበት ብርጭቆአቸውን አንስተው ጎነጩ።

«ጋሼ!» አለ ቧንቧ ሠራተኛው እጁን አንስቶ። «ቆይ፣ አይዋጡት! ገና ነግሬዎት አልጨረስኩም።»