አሳንሰር ውስጥ የቆሙት ሽማግሌዎች

ፎቅ ቤት ገብቶ ጭንቅላቱ ጤነኛ ሆኖ የቀረ ሰው ካያችሁ ጠቁሙኝ፣ ሄጄ እጁን እስመዋለሁ። ሰው አንድ ፎቅ በወጣ ቁጥር ልቡ ሁለት ፎቅ ይወጣል። እኔ አምስተኛ ፎቅ ነኝ… ልቤ የት እንደደረሰ እናንተው አስሉት።

ድሮ ቦሌ ሚካኤል ነበርኩ። የመኪና መለዋወጫ ሱቄም፣ ቆርቆሮ ቤቴም እዚያው። ትምህርቴን ስድስተኛ ክፍል ላይ ብተወውም ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ሳላነብ ጥዬ አላውቅምና፣ ከመካከላችሁ ዲግሪ ያለው ቢኖር እንዳይንቀኝ። ታዲያ አንድ ቀን ከረባት ያሰረ ሰውዬ ብሮሸር ይዞ ሱቄ ገባ። «ኮንዶሚኒየም ይባላል፤ ቅንጡ ነው፤ ለተመረጡ ሰዎች ብቻ የተሠራ» አለኝ። የተመረጡ ሲል ዙሪያዬን አየሁ፤ ሱቁ ውስጥ ከእኔ በቀር ሰው የለም። ብሮሸሩ ላይ መዋኛ አለ፣ ዘንባባ አለ፣ ውሻ የያዘች ፈረንጅ ሴት አለች። ውሻው ራሱ ይስቃል! እንዲህ ያለ ደስተኛ ውሻ ቦሌ ሚካኤል ውስጥ አይቼ አላውቅም። ቤቴን ሸጥኩና ገዛሁ።

ገባን። መዋኛው የለም ብዬ አልዋሽም፣ አለ። ጉድጓዱ ተቆፍሮ ነበርና ክረምቱ ሞላው፤ እንቁራሪቶቹ ከእኛ ቀድመው ተረከቡት። ዘንባባዎቹ ገና መንገድ ላይ ናቸው አሉን። ፈረንጇም ከነውሻዋ አልመጣችም። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ! ግን እብነ በረድ አለ፣ አሳንሰር አለ፣ በረንዳ አለ። ጠዋት ጠዋት በረንዳዬ ላይ በፒጃማ ቆሜ የቦሌ ሚካኤልን ቆርቆሮ ቁልቁል አያለሁ። በእግር አሥር ደቂቃ የማይሞላ መንገድ ነው፤ እኔ ግን አውሮፓ የገባሁ ያህል የድሮ ጎረቤቶቼን «እናንተስ እዚያ ታች እንዴት ናችሁ?» ማለት ጀምሬ ነበር። አውሮፕላን ሲያልፍ ደግሞ ፓይለቱን እጅ እነሳለሁ። አንድ ቀን መልሶልኛል። ባለቤቴ አላመነችኝም፤ እናንተ ግን ታምኑኛላችሁ።

ከነዋሪው ሁሉ ጮክ ብዬ የምናገረው እኔ ስለነበርኩ የነዋሪዎች ኮሚቴ ሊቀመንበር አደረጉኝ። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል አይደል የሚባለው? የሚበላ ነገር ባጣ ሕግ አወጣሁ። ሕጉ አንድ ነው፤ ማንኛውም እንግዳ ማንን እንደሚፈልግና ለምን ጉዳይ እንደመጣ በር ላይ ካልተናገረ አይገባም፣ የተናገረውም መዝገብ ላይ ይጻፋል። ይህን የሚያስፈጽም ደምሴ የሚባል ዘበኛ ቀጠርን፤ የድሮ ወታደር ነው። አንዴ ትእዛዝ ከሰጠኸው እናቱም ብትመጣ ጉዳይዋን ሳትናገር አታልፍም። «ሊቀመንበር!» ብሎ ቀጥ ሲልልኝ በአንድ በኩል ጀርባዬን ይበርደኛል፤ በሌላ በኩል ግን… ደስ ይላል፣ ምን ልዋሻችሁ።

አሁን ወደ ጉዳዬ ልምጣ። ሰብለ የምትባል አንዲት ልጅ አለችኝ። ቦሌ ሚካኤል የብየዳ ቤት ካለው ታምራት ጋር ከተዋደዱ ቆይተዋል። ታምራት የሰፈሩን የብረት በር ግማሹን የሠራ፣ እጁ ሥራ የሚያውቅ፣ ሰው አክባሪ ልጅ ነው። እኔም እወደዋለሁ። ሽማግሌ ሊልክ መሆኑን ሰብለ ለእናቷ ለአስናቀች፣ አስናቀች ደግሞ ለእኔ ሹክ አሉ። እኔ በበኩሌ ወዲያው መስተዋት ፊት ቆምኩ።

ሴት ልጅ በአንድ ጉዞ ተሰጥታ ታውቃለች እንዴ? እኔ አስናቀችን ስጠይቅ አባቷ ሽማግሌዎቼን ሁለት ጊዜ መልሰዋቸዋል፤ ሁለተኛውን በዝናብ። እሺ ያሉት በሦስተኛው ነው። ስንት ዓመት ጠብቄ እነሆ የመመለሱ ተራ ለእኔ ደረሰ። እጄን ወደ ኋላ አጣምሬ፣ ግንባሬን ቋጠር አድርጌ፣ «ዘመድ አዝማድ ላማክር… በሳምንቱ ብቅ በሉ» ማለትን ተለማመድኩ። ድምፄን ወፈር አደረግሁት። ትንሽ ሳል ጨመርኩበት። መጨረሻ ላይ እሺ ማለቴማ አይቀርም፤ ግን በሦስተኛው! የአምስተኛ ፎቅ ልጅ እኮ ናት።

እሑድ ጠዋት ሙሉ ልብሴን ለብሼ ሶፋው ላይ ተሰየምኩ። ማንም አልመጣም። በሚቀጥለው እሑድ ከረባቴ እስኪያንቀኝ ጠበቅሁ፤ አሁንም ማንም። እንዳልጠይቅ፣ የሴት አባት «ሽማግሌው የት ቀረ?» ብሎ አይጠይቅም፣ ነውር ነው። ቤቱ ውስጥ ደግሞ እኔ የማላውቀው ነገር ይካሄድ ጀመር። ሰብለ በር ታላትምብኛለች። የአስናቀች ወጥ ጨው አጣ። ምን ሆናችሁ ስላቸው ራስህን ጠይቅ ይሉኛል። ራሴን ጠየቅሁት… ምንም ጥፋት የለብህም አለኝ።

በሦስተኛው እሑድ ማለዳ ንዴቴን ላበርድ ወደ ግቢው በር ወረድኩና፣ ሊቀመንበር አይደለሁ፣ የእንግዳ መዝገቡን ገለጥ አደረግሁ። የደምሴ ጽሕፈት እንደ ሰልፈኛ ቀጥ ብሎ የተደረደረ ነው። «እሑድ ጠዋት። ሦስት ሽማግሌዎች፣ አንዱ ባለ ከዘራ። የሚፈልጉት ሊቀመንበሩን። ጉዳያቸውን አንናገርም ብለዋል። ተመልሰዋል።» ገጹን ገለበጥኩት። «እሑድ ጠዋት። እነዚያው ሽማግሌዎች። ዛሬም አልተናገሩም። ተመልሰዋል። ባለ ከዘራው ተቆጥቷል።»

መዝገቡን ዘጋሁት። ለጋብቻ የተላከ ሽማግሌ ጉዳዩን ለአባትየው እንጂ በር ላይ ለዘበኛ እንደማይናገር የማያውቅ ሰው በዚህ አገር አለ? አለ። ሕጉን ያወጣው።

«ምን ብለህ ነው የመለስካቸው?» አልኩት።

«የሊቀመንበሩ ትእዛዝ ነው ብዬ» አለኝ ደምሴ፣ ደረቱን ነፍቶ።

በገዛ ዳቦዬ ልብ ልቡን አጣሁት! ስንት ቀን መስተዋት ፊት የለፋሁበትን መመለስ ሁለቱንም ጊዜ ዘበኛ ጨረሰው። ታች ሰፈር የሚወራውንም መገመት አያቅትም፤ ሰውየው ፎቅ ከወጣ ወዲህ ሽማግሌ የሚያሰናብተው በዘበኛ ሆኗል ይባላል። ደምሴን፣ ዛሬ ከመጡ አንድም ጥያቄ እንዳትጠይቅ፣ በክብር አሳንሰር ውስጥ አስገብተህ ላክልኝ ብዬ ወደ ላይ ሮጥኩ።

ለካ አስናቀች መመለሳቸውን ታውቅ ኖሯል፤ ሆን ብዬ ያደረግሁት መስሏት ነው ጨው የነሳችኝ። ስለ መዝገቡ ስነግራት አፏን በነጠላዋ ያዘችና ቁርጡን ነገረችኝ። ባለ ከዘራው የታምራት አጎት አቶ ኃይሉ ናቸው። ዛሬ ሦስተኛውን እንሄዳለን፣ ከተመለስን ግን አራተኛ የለም፣ ልጁም ሌላ ቤት ያያል ብለው ምለዋል። አቶ ኃይሉ ከማሉ ማሉ ነው፤ ጎረቤታቸው ስለነበርኩ አውቃለሁ። ሰብለ ከተዘጋ በር ጀርባ ታለቅሳለች። ድምፅዋ ይሰማኛል።

ይህን ሁሉ ሰምቼ ምን ያልኩ ይመስላችኋል?

«አንዴ ብቻ፣ ለወጉ ያህል፣ እኔ ራሴ ብመልሳቸውስ?»

እናንተም እንደሷ አትዩኝ።

«መልሳቸው» አለች አስናቀች ቀስ ብላ። «እኔም አብሬያቸው እወርዳለሁ።»

እሺ ልል ወሰንኩ። ግን በክብር፣ ሶፋዬ ላይ ሆኜ።

ረፋዱ ላይ ደምሴ ከታች በፉጨት ምልክት ሰጠኝ። ሰብለም ዓይኗን ጠራርጋ ወጣች፤ ሦስታችን አምስተኛ ፎቅ አሳንሰሩ በር ፊት ተሰለፍን። ገመዱ ሲጢጥ… ሲጢጥ ሲል ይሰማናል። አንደኛን አለፈ። ሁለተኛን አለፈ። ሦስተኛን አለፈ… ድርግም! መብራት ሄደ።

በደረጃው ሦስተኛ ፎቅ ወረድን። ሳጥኑ ከነሽማግሌዎቹ በሦስተኛና በአራተኛ መሀል ተንጠልጥሏል። ጄኔሬተር አለን፤ ቁልፉን የያዘው ሰውዬ ግን ጉርድ ሾላ ለቅሶ ሊደርስ ሄዷል። ቤቱን የሸጡልን ሰዎች ቢሮ ደወልኩ። ይጠራል፣ ይጠራል… እሑድ ነው፣ ማን ያነሳል?

ከበሩ ጀርባ የአቶ ኃይሉ ድምፅ መጣ።

«በዚህ ዕድሜዬ ብዙ እምቢታ አይቻለሁ። ሁለቴ በዘበኛ፣ ሦስተኛውን በሳጥን የሚመልስ ሰው ግን ያየሁት አንተን ነው፣ ወንድሜ።»

ማልኩ፣ ተገዘትኩ። መብራት ነው እንጂ እኔ አይደለሁም ብዬ ለመንኩ። ደግነቱ አብረዋቸው ሐጂ ሰዒድ ነበሩ። ሐጂ ከወሎ መጥተው ቦሌ ሚካኤል ጨርቅ ሲሸጡ የኖሩ፣ ጠብ ማብረድ የሚያውቁ ሰው ናቸው፤ ይህ ሰው በመብራት ላይ ሥልጣን የለውም እያሉ ሲያረጋጉ ሰማሁ። ሦስተኛው ሽማግሌ ዝም ብሏል። በሽምግልና አንድ ዝም የሚል ሰው አይታጣም፤ እሱ ቁጥር ለመሙላት ነው።

አስናቀች ጎኔን በክርኗ ወጋችኝ። አፌን ስንጥቁ ላይ ደቅኜ «ልጄን ሰጥቻለሁ!» ብዬ ጮህኩ።

«ገና ሳንጠይቅህ?» አሉ አቶ ኃይሉ። «ልጅ ልንጠይቅ እንደመጣን ማን ነገረህ? ሥርዓት አለው እኮ።»

ሥርዓቱም ተጀመረ። በድቅድቅ ጨለማ ሳጥን ውስጥ ቆመው የታምራትን አያት ቅድመ አያት ቆጠሩልኝ። ማን የት እንደተወለደ፣ ማን ማንን እንዳገባ፣ አንዱ አያት ስንት ጥማድ በሬ እንደነበራቸው… የእብነ በረዱ ሕዝብ በሙሉ ደረጃው ላይ ወጥቶ ያዳምጣል። ከገባን ጀምሮ ሰላም ብላን የማታውቀው የሦስተኛ ፎቋ ወይዘሮ ሳይቀር ወንበር አወጣችልኝ። አልተቀመጥኩም፤ ሽማግሌ ቆሞ እኔ እንዴት ልቀመጥ? «አረፍ በሉ» ልል አልኩና ምን ላይ እንደሚያርፉ ሳስብ ተውኩት። ለነገሩ ሽማግሌ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ሐጂ ሰዒድ ሐሳቤን ያወቁ ይመስል ቆመናል፣ ግዴለም፣ ዛሬ ለሥርዓቱ ተመችቶናል አሉኝ ከውስጥ።

በመጨረሻ ጠየቁኝ። ወዲያው እሺ አልኩ። ውስጥ ሲንሾካሾኩ ቆዩ።

«አንቀበልም» አሉ አቶ ኃይሉ። «ተዘግቶብን የተሰጠን ቃል ነው። ነገ ተነስተህ እንዲወጡልኝ ብዬ ነው እንጂ ብትልስ? ከዚህ ከወጣን በኋላ ትነግረናለህ። ያኔ ከተንተባተብክ ቀጥታ ወደ ቤታችን ነን።»

ማን ያውጣቸው እንግዲህ? በር የሚያውቅ ሰው በዚህ አካባቢ አንድ ብቻ ነው፣ ታምራት። ጠያቂው ልጅ ደግሞ ሽማግሌው መልስ ሳይዝ በልጅቷ ቤት ደጃፍ አይታይም። ሰብለ መሬት መሬት እያየች፣ ከመንገዱ ማዶ ሻይ ቤት ተቀምጦ እንደሚጠብቅ ነገረችን። ደምሴ በሩጫ ሄዶ ከነዲጂኖው አመጣው። ልጁ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ፣ ግድግዳውን ታክኮ እንደ ሸርጣን በጎኑ ነው የመጣው።

«ጋሼ፣ እንዳላየሁዎት ይቁጠሩልኝ» አለኝ።

እኔም አላየሁህም አልኩት። ሰብለ ከሁለት ሳምንት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ ሰማሁ።

ታምራት ዲጂኖውን ስንጥቁ ውስጥ ከተተና ሁለቴ ገፋ ሲያደርገው በሩ ተከፈተ። የሳጥኑ ወለል ደረቴ ጋ ነው ያለው። በሩ ተመልሶ እንዳይዘጋ ታምራት በአንድ በኩል፣ ደምሴ በሌላ በኩል ወጥረው ያዙት። ሽማግሌዎቹን የማወርደው እኔ ሆንኩ ማለት ነው። ሐጂ ሰዒድ ቀለል ያሉ ናቸው፤ ቢስሚላህ ብለው እንደ ድመት ወረዱ። ዝምተኛው ወረደ፣ ዝም እንዳለ። አቶ ኃይሉ ግን… አቶ ኃይሉ ሰፊ ሰው ናቸው። ከዘራቸውን ለሐጂ አቀበሉ፣ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉና ጀርባዬ ላይ ሰፈሩ። አከርካሪዬ አንድ ነገር አለኝ፤ እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ላወርዳቸው ጎንበስ ስል በጉልበታቸው ጎኔን ጠበቅ አደረጉኝ።

«ቆይ» አሉ። «አሁን ከሳጥኑ ወጥቻለሁ። ልጅህን ሰብለን ለልጃችን ለታምራት ትሰጣለህ?»

«እሰጣለሁ።»

«በፈቃድህ?»

ቀና ብዬ ሰብለን አየኋት። ደረጃው ላይ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ትጠብቀኛለች። ያን ሁሉ የተለማመድኩትን ኩራት፣ ሳሉንም ጭምር፣ ከየት እንዳመጣሁት እንኳ ጠፋኝ። ትንፋሽ የለኝም፤ ግን የቀረችኝን አጠራቅሜ «በፈቃዴ» አልኩ። እውነቴን ነው፤ በዕድሜዬ እንደዚያ ከልቤ የተናገርኩት ቃል የለም።

እልልታው ደረጃውን ሞላው። መብራቱም፣ እንዳያመልጠው ይመስል፣ ያኔ መጣ። እፎይ ብዬ አቶ ኃይሉን ላወርድ ስል ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ምርቃት! የሽማግሌ ምርቃት ደግሞ አይቋረጥም። ሁሉም መዳፉን ዘርግቶ አንገቱን ደፋ። እኔ የምዘረጋው መዳፍ የለኝም፤ ሁለቱም አቶ ኃይሉ ሥር ናቸው።

«ውለዱ፣ ክበዱ» አሉ። አሜን ተባለ። ክበዱ ሲሉ እሳቸው ራሳቸው ክብደት የጨመሩ መሰለኝ። ቤታችሁ አይጉደል፣ ማዕዳችሁ አይንጠፍ፣ ጎረቤታችሁ አይክፋ… አሜን፣ አሜን፣ አሜን። ጉልበቴ ከእብነ በረዱ ጋር ሊተዋወቅ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ አቶ ኃይሉ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ተደላደሉና የመጨረሻዋን አመጡ።

«ከዚህም በላይ ከፍ ከፍ በሉ።»

ሕንፃው በአንድ ድምፅ አሜን አለ። አሜን ያላልኩት እኔ ብቻ ነኝ።