ታርጋ የሌላት ጀልባ

ይህን ግድግዳ ተመልከቱልኝ። ጋምቤላ ከተማ፣ አንድ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ነው። የኮምፒውተር ባለሙያው ፈረጅ ስምንት ወረቀት የሞላ ዲያግራም ይለጥፋል። የመጋዘኑ ሠራተኛ የእትዬ ሺታዬ ልብ ግን ባሮ ወንዝ ዳር ነው፤ ወደ ማታር ከተማ የሚላከው የወባ መድኃኒት ሳይጫን ጀልባዋ ልትሄድ ነው።

ሺታዬ፦ ኧረ ፈረጅ፣ ሲስተምህ የመድኃኒቱን የወጪ ወረቀት አላትምም አለኝ እኮ። ባለጀልባው ኩዌት ጀልባዋን ይዞ ቆሟል።

ፈረጅ፦ ቆይ እትዬ፣ መጀመሪያ ፕላስተሩን ያቀብሉኝ። ይህ የሲስተሙ ራጅ ነው። የሰው እጅ አልነካውም፤ ማሽኑ ራሱ ኮዱን አንብቦ ሣለው።

ሺታዬ፦ [አንገታቸውን አዘንብለው] መንገዱ በዛሳ።

ፈረጅ፦ መንገድ አይደለም። መረጃ የሚፈስበት ነው።

ሺታዬ፦ የሚፈስ ከሆነማ ባሮ ነዋ።

ፈረጅ፦ ባሮም አይደለም። እትዬ፣ ይህ ትምህርት ይፈልጋል።

ሺታዬ፦ እሺ የኔ ምሁር። እዚህ ላይ ጀልባ የሚል ሳጥን የታል?

ፈረጅ፦ የለም። ማሽን አይዋሽም፤ ካልሣለው የለም ማለት ነው።

ሺታዬ፦ ኩዌት የቆመው ምን ላይ ነው ታዲያ?

ፈረጅ፦ በሲስተሙ አነጋገር… ምንም ላይ።

ሺታዬ፦ ጎበዝ ዋናተኛ ነዋ። ይኸው እዚህ፣ አቦቦም ዲማም ማታርም የሚሄደው ሁሉ "ታርጋ" በሚል ሳጥን ያልፋል። በክረምት ማታር መኪና አይገባ። ጀልባ ምን ታርጋ አላት?

[ፈረጅ ጣቱ ላይ የተጣበቀውን ፕላስተር እያላቀቀ ወደ ሳጥኑ ይጠጋል።]

ሺታዬ፦ ይህንን ሳጥን ማን ሠራው?

ፈረጅ፦ እኔ። ግን ቆይ፣ ሁለት ክረምት ሙሉ የማታር መድኃኒት እንዴት ወጣ?

ሺታዬ፦ ያንተን የመሥሪያ ቤት ሞተር ሳይክል ታርጋ እየጻፍኩ ነዋ። ባለፈው ሳምንት ሞተሩ ከንብረት መዝገብ ሲሰረዝ ሲስተምህም አላውቀውም አለ።

ፈረጅ፦ የኔን ሞተር?

ሺታዬ፦ በሲስተምህ ቤት ሠላሳ አንድ ጊዜ ባሮን በሞተር ወርደህ ማታር ገብተሃል። ለመሆኑ ሰዎቹ እንዴት ናቸው?

[ፈረጅ ኮምፒውተሩ ፊት ይቀመጣል። ኮዱ ውስጥ፣ ከ"ታርጋ" ቀጥሎ፣ "ጀልባ" ብሎ ይጽፋል። ማተሚያው ያጓራል። ሺታዬ ወረቀቱን ከማተሚያው አፍ ነጥቀው ወደ ወንዙ ይሮጣሉ።]

እናንተ ሲስተም የምትሠሩ ሰዎች፣ ማሽኑ የጻፋችሁትን ይሥላል እንጂ የረሳችሁትን ከየት ያመጣዋል? ወባ እስክትማሩ አይጠብቅም። እባካችሁ፣ ከወንበራችሁ ተነሡና ዕቃ የሚጭነውን ሰው ጠይቁ።