መንሾካሾኪያ ያጣ ቤት

ሳሎንና ኪችንን ግድግዳ ለምን ይለያቸዋል የሚል ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? ደብረ ማርቆስ የሚያስተምር አንድ ጓደኛዬ ግድግዳውን አፍርሶ «አሁን ቤቱ ተንፈስ አለ!» አለኝ። እኔም አመንኩት።

አንድ ቀን እዚያው ተቀምጬ ሳለሁ አጎቱ ከደብረ ኤልያስ ድንገት መጡ። ሚስቱ መሶቡን ብትከፍት ባዶ ነው። ድሮ ቢሆን ባሏን ጓዳ ጠርታ ሹክ ትለው ነበር። አሁን የት ትጥራው? ተያዩና ሁለቱም መታጠቢያ ቤት ገቡ።

«ምነው፣ ሁለቱንም ባንዴ አጣደፋቸው እንዴ?» አሉኝ አጎትየው። ያ ግድግዳ ስንት ገመና ይሸፍን እንደነበር ገና ያኔ ገባኝ።

አጎትየው ዘወር ሲሉ ክዳኑ የተነሳውን መሶብ አዩ። ባልና ሚስቱ እንደወጡ «እኔስ በልቼ ነው የመጣሁ» አሉ።

ወዲያው ሆዳቸው ጮኸ። ሳሎኑም ኪችኑም እኩል ሰማ።