ማሎ፣ እርስዎ ይምረጡ

እኛ ሰዎች በር ላይ ስንገናኝ አይታችሁን ታውቃላችሁ? «ይግቡ»፣ «ኧረ እርስዎ ይግቡ»፣ «በሞቴ»፣ «እኔ ልሙት»፣ ስንባባል በሩ ይደክመዋል። መጨረሻ ላይ ወይ ትከሻ ለትከሻ ተጋጭተን እኩል እንገባለን፣ ወይ ዝናቡ ያበሰብሰንና ሁለታችንም ውጭ እንቀራለን። ለበሩ እንኳ ግድ የለም፤ በር ላይ የቆመ ሰው ቢረጥብ ይደርቃል። እኔን አንጀቴን የሚያሳርረው ይሄ መግደርደር በሩን አልፎ ስብሰባ ውስጥ ሲገባ፣ የሰው ተራ ላይ ሲቀመጥና «ጨዋነት ነኝ» ሲል ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሞባይል ስልክ አምቦ በገባ ሰሞን የምዕራብ ሸዋ ከተሞች የቼዝ ሊግ ይቋቋም ተባለ። ለዚያውም ፕሮፌሽናል። ፕሮፌሽናልነቱ ምኑ ላይ ነው ብለን ብንጠይቅ፣ አበል አለው፣ ማልያ አለው አሉን። ለቼዝ ማልያ! እጅጌው ንግሥቲቱን ካልጣለ ምን ቸገረን ብለን ተቀበልን። አምቦ፣ ጉደር፣ ጊንጪና ጌዶ አራት አራት ተጫዋች ይዘው ሊገጥሙ ነው። ተጫዋቹ ግን እንደ ድሮው በየከተማው አይሰለፍም፤ የአራቱ ከተሞች ተወካዮች አንድ አዳራሽ ተቀምጠው ከእጩዎቹ መካከል በየተራ እየጠሩ ይወስዳሉ፤ የየትኛውም ከተማ ሰው ቢሆን የቀደመ ይወስደዋል። ያልተጠራ ዓመቱን ሙሉ ተመልካች ነው። ሐሳቡ የፈረንጅ ነው፤ ጠረጴዛውን ከበን የተቀመጥነው ግን እኛ ነን።

ከእጩዎቹ አንዷ ሲስተር ጫልቱ ነበረች፣ ጉደር የምትሠራ ነርስ። ስለ አጨዋወቷ ልንገራችሁ። እኔ የአምቦ የሒሳብ መምህር ነኝ፣ እንደ እሷው እጩ ነበርኩ፤ አፌን ሞልቼ ቼዝ እችላለሁ እላለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ በሚኒባስ ጉደር እሄዳለሁ፣ ጫልቱ ታሸንፈኛለች፣ በሚኒባስ እመለሳለሁ። ከጌዶ እስከ ጊንጪ እሷን አሸነፍኩ ብሎ ያወራ ሰው አልሰማሁም፤ ቢኖር ደግሞ ዝም የሚል አይመስለኝም። ለሊጉ ብላ እሑዶቿን ነፃ ለማድረግ የባልደረቦቿን የአዳር ተራ ስትሸፍን ሰንብታ፣ ምርጫው ላይ የተገኘችው ዓይኗ በእንቅልፍ እጦት ቀልቶ ነው። «ዘንድሮ እንግዲህ ከሰው ጋር ልጫወት ነው» ብላኝ ነበር። እስከዚያን ቀን እኔ ምን እንደነበርኩ አልጠየቅኋትም።

ሰብሳቢው ኦቦ ለሜሳ፣ ጡረታ የወጡ ዳኛ፣ መርቀው ከፈቱና «በሉ፣ ጉደር ይጀምር» አሉ። የጉደሩ ተወካይ ኦቦ ደቻሳ፣ ወፍጮ ቤት ያላቸው ደግ ሰው፣ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ። «ማሎ፣ እባክዎ ኦቦ ለሜሳ፣ ጊንጪዎች እያሉ እኛ እንዴት አድርገን እንቀድማለን?» ጊንጪ በበኩሉ፣ ጌዶ ከሩቅ ነው የመጣው፣ እሱ ይቅደም አለ። ጌዶ ደግሞ አምቦ ቤት ተጠርቼ አምቦን አልቀድምም አለ። አምቦ ባለቤት ነውና ከእንግዳ አይቀድምም። ሻይ መጣ። ሻዩ አለቀ። በመጨረሻ ኦቦ ደቻሳ ተለምነው፣ ተገደውና ተመርቀው «እንግዲህ ካላችሁ» ብለው መረጡ። ማንን? እኔን!

«እንግዳችንን፣ የአምቦውን መምህር» አሉ፤ ተጨበጨበ። ጫልቱ ከኋላ ሳቀች። ኋላ ነው ነገሩ የገባኝ፤ የራስን ከተማ ሰው አስቀድሞ መጥራት ስስት ሆኖ ታይቷል ለካ! አምቦ የጊንጪን ሰው ጠራ፣ ጊንጪ የጌዶን፣ ጌዶ የአምቦን። ሠርግ ቤት እንደሚጎራረስ ሰው እርስ በርሳቸው ሲከባበሩ ዋሉ። ጫልቱንስ? ጫልቱን ማንም አልነካም። ጊንጪ ወደ እሷ ሰረቅ አድርጎ ሲያይ አይቻለሁ፤ አምቦም ስሟን ሊጠራ አፉን ከፍቶ መልሶ ዘግቶታል። የጉደር ልጅ ናታ! የጉደርን ልጅ ከጉደር ፊት መንጠቅ ከጨዋ ሰው አይጠበቅም።

አላስችል ሲለኝ ኦቦ ደቻሳን ጠጋ ብዬ «ጫልቱን ይጥሯት እንጂ» አልኳቸው። ትከሻዬን መታ መታ አደረጉኝ።

«ጫልቱማ ኢንተለ ኬኛ፣ የራሳችን ልጅ አይደለች? የቤት ልጅ የት ትሄዳለች? እንግዳ ይቅደም እንጂ።»

በመጨረሻው ዙር ኦቦ ደቻሳ ለሌሎቹ ቅድሚያ ሰጥተው ራሳቸውን ከኋላ አደረጉ። ስለዚህ የቀረው የጉደር አንድ ቦታ ነው፤ ያልተጠሩት ደግሞ ሁለት ሰዎች፣ ጫልቱና ከወንጪ ድረስ በፈረስ የመጡ አንድ ሽማግሌ። በፈረስ ይምጡ እንጂ የቼዙ ፈረስ እንዴት እንደሚዘል ጠዋት እኔን ጠይቀውኛል። ኦቦ ደቻሳ ጫልቱን አዩ፣ ሽማግሌውን አዩ። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

«እኚህ አባት ያን ሁሉ መንገድ መጥተው እንዲሁ ይመለሱ?» አሉ ኦቦ ደቻሳ፣ እንባቸው ሊመጣ ምንም ሳይቀረው። ተጨበጨበ። ምርጫው አበቃ።

ደሜ ፈላ። ይባስ ብሎ ምሳ ቀረበና የአራቱ ከተሞች እጅ ሁሉ ወደ ጫልቱ ተዘረጋ። «ብዪ እንጂ የኔ ልጅ»፣ «ይቺን ብቻ»፣ «በሞቴ ይቺን ጉርሻ»። አንዲት ወንበር የነፈጓት ሰዎች ቅልጥም ለማቅረብ ሲሽቀዳደሙላት ተመልከቱልኝ! እሷ አንገቷን ደፍታ ትግጣለች። ከዚህ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«ስሙኝ!» አልኩ ተነሥቼ። «ይሄ ጨዋነት አይደለም፣ ግፍ ነው! ተጫዋች ስትመርጡ አልዋላችሁም፤ እርስ በርሳችሁ ስትሞጋገሱ ነው የዋላችሁት። ኦቦ ደቻሳ፣ ልጃችን ናት እያሉ ልጅዎን ሜዳ ላይ ጣሏት። በይሉኝታ ስንቱን ነው የምንገድለው? እኔ በበኩሌ የጉደር ቦታዬን ለሲስተር ጫልቱ ለቅቄአለሁ!»

ከዚያ ሁሉም ሰው ወደ ጫልቱ ዞረ። እንግዲህ ሥርዓቱን ታውቁታላችሁ። እሷ «ኧረ በፍጹም፣ መምህር እያሉ!» ትላለች፤ እኔ «በሞቴ» እላለሁ፤ እሷ አሁንም እምቢ ትላለች፤ ሽማግሌዎች ይገቡበታል፤ ኦቦ ለሜሳ ይመርቃሉ፤ በመጨረሻ አቀርቅራ ትቀበላለች፤ ጭብጨባውም ለሁለታችን ይሆናል። እኔማ ለሁለተኛው ልመና የምናገረውን ሁሉ በልቤ አዘጋጅቼ ነበር።

ጫልቱ አጥንቱን ሳህኑ ላይ አስቀመጠች። እጇን ጠረገች።

«እሺ» አለች። «እሑድ ከማን ጋር ነው የምንገጥመው?»

ኦቦ ለሜሳ ምርቃታቸውን ዋጡት። ኦቦ ደቻሳ ወደ እኔ ዘንበል ብለው፣ «ልጅቷ ዓይኗን በጨው ታጥባለች እንዴ?» አሉኝ በሹክሹክታ። እኔም፣ ያ ሁሉ ንግግር ገና ከአፌ ሳይደርቅ፣ ራሴን በሐዘን ነቀነቅሁላቸው።

ቦታው የእሷ ነው፤ ያልኩትን ብያለሁ፣ አላጥፍም። ይሉኝታንም ባገኘሁበት እረግማለሁ። ግን እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ አንድ ጊዜ፣ አንዴ ብቻ፣ «ኧረ እርስዎ ይጫወቱ» ብትል ምን ነበረበት?