በሳምንት ሰባት ቀን የሚበይድ ሽማግሌ

ሊቁ፦ ሦስቷን ሰርዘን ሰባት እንጻፍ ነው ያልኩህ። ይሄ ምን ያስጨንቃል?

በያጁ፦ ሦስት ቀን ነዋ ጋሼ። ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ።

ሊቁ፦ እኮ። በሳምንት ሦስት ቀን የሚሠራ ሰው፣ ሰው ነው? ግማሽ ሰው ነው። ለግማሽ ሰው ቪዛ የሚሰጥ አገር ደግሞ ከተፈጠርኩ አላየሁም።

በያጁ፦ ስንት አገር አይተዋል?

ሊቁ፦ አታቋርጠኝ።

(ሊቁ የተባለው ሰዎች ሲያሾፉበት ነው፤ እሱ ግን ስሙን እንደ ሹመት ተቀብሎ ኖረበት። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቪዛ መስጫው ቢሮ ፊት ለፊት ጃንጥላ ዘርግቶ ለሰው ማመልከቻ ሲጽፍ ኖሯል። ከደጁ አልፎ ግን አንድም ቀን አልገባም። በያጁ የእህቱን ልጅ ያገባ ሰው ነው። ዝግ ያለ ነው፤ ነገር ሲጠየቅ መልሱ እዚያ የተጻፈ ይመስል መጀመሪያ እጁን ያያል። ውጭ አገር ያለ አንድ የመርከብ መጠገኛ የስድስት ወር ኮንትራት ልኮለታል፣ በሳምንት ሦስት ቀን። የቪዛ ቀጠሮ የተሰጠው ለነገ ጠዋት ነው። ወረቀቶቹ የሊቁ ጠባብ ክፍል ውስጥ፣ አንድ እግሩ በጡብ የተደገፈ ጠረጴዛ ላይ ተዘርግተዋል። ሊቁ እንዲያስተካክላቸው ተብሎ ከተሰጡት ሁለት ሳምንት ሆኗቸዋል።)

ሊቁ፦ ስማኝ። አንድ ጊዜ አንድ የጥርስ ሐኪም መጣልኝ። የጥርስ ሐኪም ይባል እንጂ የራሱ አፍ... እሱን ተወው። ብቻ ወረቀቱ «የትርፍ ሰዓት ሠራተኛ» ይላል። ሰርዤ «የሙሉ ጊዜ ዋና ሐኪም» አልኩለት።

በያጁ፦ ሄደ?

ሊቁ፦ የት?

በያጁ፦ ውጭ አገር።

ሊቁ፦ ወረቀቱ ግን እንዴት እንዳማረ ብታይ።

በያጁ፦ ጋሼ፣ እኔ ዛሬ ጠዋት እዚያ...

ሊቁ፦ አታቋርጠኝ ብያለሁ። ሙያህ እዚህ ምን ይላል? «በያጅ»። ወይ ነዶ። የምትጠይቀው የባለሙያ ቪዛ አይደል? በያጅ መቼ ነው ባለሙያ የሆነው?

በያጁ፦ ታዲያ ምንድን ነው?

ሊቁ፦ ባለሙያ ማለት እጁ የማይቆሽሽ ሰው ነው። እስቲ እጅህን አምጣ። (እጁን ወደ መስኮቱ ብርሃን ይስበዋል።) ይሄ እጅ ነው የመጥበሻ ቂጥ?

በያጁ፦ ፍንጣሪ ነው። ቧንቧ ሥር ተንጋልዬ ስበይድ የወረደብኝ።

ሊቁ፦ ነገ ጓንት ታደርጋለህ። ዛሬ ማታ ደግሞ ቫዝሊን እስክትጠግብ። «ሥራህ ምንድን ነው?» ሲሉህ «የብረታ ብረት አማካሪ ነኝ» ትላለህ።

በያጁ፦ ብረት ምክር ይሰማል እንዴ?

(ሊቁ ይስላል። ቀጥሎ ከመሳቢያው ክብ ማኅተም አውጥቶ ትንፋሹን እፍ ይልበታል። የፈረሰ የቮሊቦል ቡድን ማኅተም ነው።)

በያጁ፦ እሱ ኳስ አለበት።

ሊቁ፦ ክብ ከሆነ ማንም አያነበውም። ይልቅ ልምምድ እናድርግ። እኔ ሹሙ ነኝ። ውጣና አንኳኳ።

(በያጁ ወጥቶ ያንኳኳል።)

ሊቁ፦ ማነው?

በያጁ፦ እኔ ነኝ ጋሼ።

ሊቁ፦ ጋሼ አይደለሁም፣ ሹሙ ነኝ። ግባ። በሳምንት ሦስት ቀን ሠርተህ የቀሩትን አራት ቀናት ምን ልታደርግ ነው?

በያጁ፦ እተኛለሁ።

ሊቁ፦ ወይ ጥፋት። «ሌላ ቦታ እየዞርኩ እሠራለሁ» በል እንጂ። ታታሪነትህን ይወቁ።

በያጁ፦ ከዚህ ድርጅት ውጭ መሥራት ክልክል ነው ይላል እኮ። እዚህ፣ ታች።

ሊቁ፦ ታች ያለውን ማን ያነባል? እኔ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ታች ያለውን አንብቤ አላውቅም።

በያጁ፦ እሱስ ያስታውቃል።

ሊቁ፦ ምን አልክ?

በያጁ፦ እሺ አልኩ።

ሊቁ፦ ስድስት ወሩ ሲያልቅስ?

በያጁ፦ እመለሳለሁ። ሚስቴ እዚህ ናት።

ሊቁ፦ ሚስት የለኝም በል።

በያጁ፦ የእርስዎ የእህት ልጅ እኮ ናት።

ሊቁ፦ ለአምስት ደቂቃ ብቻ ነዋ። ከቢሮው ስትወጣ ትመለስልሃለች።

በያጁ፦ እሷም ቢሆን አፋፍ ላይ ናት ጋሼ። ወርክሾፑ ከተዘጋ አምስት ወር ሆነኝ። ቤት ተቀምጬ የአልጋችንን እግር ሦስት ጊዜ በይጄዋለሁ። «በዚህ ወር ካልሄድክ እኔ እናቴ ቤት እሄዳለሁ» ብላኛለች።

ሊቁ፦ ለዚያ አይደል የምደክመው? እኔ ባልኖርላችሁ ኖሮ...

(በያጁ እግሩን ሲዘረጋ አልጋው ሥር ካለ ሻንጣ ጋር ይላተማል። ክዳኑ ገርበብ ብሎ የወፍራም ካፖርት እጅጌ ወጥቷል።)

በያጁ፦ ይሄ የማን ነው?

ሊቁ፦ አሮጌ ልብስ ነው። ለደሀ ልሰጥ።

በያጁ፦ የሱቁ ወረቀት እንኳ አልተነቀለለትም።

ሊቁ፦ ደሀ አዲስ ይጠላል ያለህ ማነው? ለነገሩ... እዚያ አገር ብርዱ እንዴት ነው ይላሉ?

በያጁ፦ ለደሀው ነው?

ሊቁ፦ ለአንተ ነዋ። በል አሁን ግባና ተኛ። ነገ ማንም ሳይቀድምህ በሩ ላይ መገኘት አለብህ።

በያጁ፦ ነገ አልሄድም።

ሊቁ፦ ምን ማለትህ ነው?

በያጁ፦ ትናንት ደውለው ቀጠሮውን ወደ ዛሬ አመጡት። ጠዋት ሄጄ መጣሁ። ልነግርዎ ስል አታቋርጠኝ አሉኝ፤ ትንሽ ቆይቼ ልነግርዎ ስል ሹም ሆኑ።

ሊቁ፦ ያለ ወረቀት? ወረቀትህ እኔ እጅ ነው እኮ።

በያጁ፦ እርስዎ ጋ ያለው ኮፒው ነው። ዋናውን ሚስቴ ደብቃ አስቀመጠችው። አጎቴን አውቀዋለሁ ብላ።

(ሊቁ ማኅተሙን ቀስ ብሎ መሳቢያው ውስጥ ይመልሳል።)

ሊቁ፦ እና... ምን ጠየቁህ?

በያጁ፦ ብዙም አልጠየቁኝ። ከኋላ ወዳለ ክፍል ወስደው ሁለት ብረት ሰጡኝ። አገናኝ አሉኝ፣ አገናኘሁ። አንዱ በመዶሻ መታት፣ አልተላቀቀችም። ሌላው ፓስፖርቴ ላይ ማኅተም መታልኝ።

ሊቁ፦ ሦስት ቀኑንስ?

በያጁ፦ ሦስት ቀን ነው? አሉኝ። አዎ አልኩ።

ሊቁ፦ እጅህንስ አላዩትም?

በያጁ፦ አዩት። «ይሄ ራሱ ነው» አሉ። ያን ያሉት ለምን እንደሆነ በኋላ ነው የገባኝ።

ሊቁ፦ ለምን ነው?

በያጁ፦ በእኔው የሙያ ምስክር ወረቀት፣ በእኔው ቁጥር፣ ባለፈው ሳምንት ሌላ ሰው አመልክቷል። ዕድሜው ሰባ አንድ። ፎቶውን የተነሳው ክራባት አድርጎ ነው። በሳምንት ሰባት ቀን እበይዳለሁ ብሏል። ከታች ማኅተም አለበት፣ ኳስ ያለበት።

(ሊቁ ሻንጣውን በተረከዙ ወደ ውስጥ ይገፋዋል።)

ሊቁ፦ የዛሬ ዘመን ሰው መቼም ምን የማያደርገው አለ።

በያጁ፦ ታውቀዋለህ ወይ አሉኝ።

ሊቁ፦ አንተስ ምን አልክ?

በያጁ፦ የሚስቴ አጎት ናቸው አልኩ።

ሊቁ፦ (አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል።) ሠላሳ ዓመት የሰው ቅጽ ስሞላ ኖሬ፣ አንድ ቀን የራሴን ብሞላ ነው ይሄ ሁሉ? እኔ የሞላሁለት ሁሉ «ስደርስ እጽፍልሃለሁ» ብሎኝ ነው የሚሄደው። አንድ ሰው አልጻፈልኝም።

በያጁ፦ ደርሰው ይሆን?

ሊቁ፦ ...እና፣ ከለከሉኝ?

በያጁ፦ ኧረ የለም። «በሰባ አንድ ዓመቱ ሳምንቱን ሙሉ የሚበይድ ሰው ሳናይማ አንቀርም» ብለው ተሳሳቁ። የእኔን የነገውን ቦታ ለእርስዎ ሰጥተዋል። ሁለቱ ብረት ተዘጋጅቷል። ከቀሩ ግን ኳስ የተመታበትን ወረቀት ይዘን ቤቱ እንመጣለን ብለዋል።

ሊቁ፦ እኔ እኮ በምክር በኩል ነው እንጂ...

በያጁ፦ አያቋርጡኝ።

(በያጁ ይዞት ከመጣው ፌስታል የብየዳ ጭምብል አውጥቶ ሊቁ ራስ ላይ ያጠልቅለታል። የሊቁ ድምፅ ከጉድጓድ እንደሚወጣ ሆኖ ይሰማል።)

ሊቁ፦ ልጄ፣ ጨለመ። ምንም አይታየኝም።

በያጁ፦ እሳቱ ሲነሳ ይታይዎታል። ልምምድ እናድርግ። እኔ ሹሙ ነኝ። ይውጡና ያንኳኩ።

(ሊቁ በዳበሳ ይነሳል። በሩን ያጣውና ግድግዳውን ያንኳኳል።)

በያጁ፦ ማነው?

ሊቁ፦ እኔ ነኝ... ጌታዬ።

በያጁ፦ በሳምንት ስንት ቀን ነው የሚበይዱት?

ሊቁ፦ (ግድግዳውን እንደተደገፈ) ሦስቷም በዛች መሰለኝ። እስቲ ያቺን ብዕር አቀብለኝ።